«መጀመሪያ አንብብ፤ በኋላ ትጽፋለህ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለዶክትሬት ተማሪዎች ምክር የሚሰጥ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ በቴሌግራም ቻናሎችና በመምህራን የፌስቡክ ገጾች ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደርሶኛል፤ ከላኩልኝ መካከል አሁን የማማክራቸው ተማሪዎች ይገኙበታል። «ዶክተር፣ ይሄን አይተውታል? እኛ እስካሁን የሠራነው ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ነው ተያይዞ የመጣው። መልሱ በሁለት መስመር መልእክት የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

አስቀድሜ ጸሐፊው ያሉትን እሳቸው ባሉበት መንፈስ ላስቀምጥ። መነሻቸው የእኛ ሀገር የዶክትሬት ተማሪ ተሰጥኦ አላነሰውም፣ ያነሰው ልማድ ነው የሚል ነው። ከዚህ ተነሥተው አምስት ነገር ይመክራሉ። አንደኛ፣ ተማሪው በቀን ከ100 ገጽ ያላነሰ ያንብብ፤ የጀመረውንም ከዳር እስከ ዳር ሳይጨርስ አያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ ማስታወሻ በእጅ ብቻ ይያዝ፤ በኮምፒውተር የተያዘ ማስታወሻ ጭንቅላት ውስጥ እንደማይቀር «ሳይንስ አረጋግጧል»፤ ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኒክላስ ሉማንም 90,000 ካርድ በእጁ ጽፎ ነው እነዚያን ሁሉ መጻሕፍት ያፈራው። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የንባብ ብቻ ናቸው፤ ጽሕፈት የሚጀመረው መረጃ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው፤ የአብነት ተማሪዎቻችንም ለዓመታት ተቀብለው ነው ሊቅ የሆኑት። አራተኛ፣ ያልበሰለ ጽሑፍ ለአማካሪ ማሳየት ራስን ማስገመት ነው። አምስተኛ፣ በየቀኑ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ የማይሠራ ሰው ምክንያት አይደርድር፤ ሰነፍ ነው።

በመነሻው እስማማለሁ፤ የልማድ ጉድለት አለብን። ጸብ ያለኝ ልማድ ብለው ካቀረቡት ነገር ጋር ነው። ንባብ፣ ማስታወሻና ጽሕፈት በተራ የሚመጡ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀመር ሥራዎች አድርገው አይተዋቸዋል። በዶክትሬት ደረጃ ግን ሦስቱ በአንድ ሳምንት የሚጀመሩ፣ አንዱ ያለሌላው የማይሄድ ሥራ ናቸው። ሁለት ዓመት አንብቦ በሦስተኛው ዓመት ባዶ ገጽ ፊት የተቀመጠ ተማሪ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ ቢሆንም በየተራ እንየው።

ከ100 ገጹ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። የአንድ ጆርናል ገጽ 500 ቃል ያህል ይይዛል ብንል 100 ገጽ 50,000 ቃል ነው። እንግሊዝኛን በሚገባ የሚችል አዋቂ ሰው ተራ ጽሑፍ በልቡ ሲያነብ ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 240 ቃል ነው፤ ማርክ ብሪስባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የደረሰበት ልክ ይኸው ነው። በዚህ ሂሳብ 100 ገጽ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ያውም ሳያቆሙ፣ ወደ ኋላ ሳይመለሱ፣ ሠንጠረዥ ሳያዩ፣ አንድ ቃል ሳይጽፉ። የእኛ ተማሪ የሚያነበው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ የሚያነበውም ስታትስቲክስና የንድፈ ሐሳብ ክርክር የታጨቀበት ጽሑፍ ነው። ሰዓቱ እጥፍ ቢሆንበት አይገርምም። ሰባት ሰዓት እንዲህ ያነበበ ሰው ሲነሣ እጁ ላይ የሚቀረው የገጽ ቁጥር ብቻ ነው።

«ከዳር እስከ ዳር» የሚለውም አያስኬድም። የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰሩ ስሪኒቫሳን ኬሻቭ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣት አጭር ጽሑፍ አንድን አርቲክል በሦስት ዙር ማንበብን ይመክራል። በመጀመሪያው ዙር ርዕሱን፣ አኅጽሮቱን፣ መግቢያውን፣ ንዑስ ርዕሶቹንና መደምደሚያውን ማየት ነው፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ብዙው አርቲክል እዚያው ይሰናበታል። የሚጠቅመው ለሁለተኛ ዙር አንድ ሰዓት ያህል ያገኛል። ጥናቱን ራስህ እንደ ሠራኸው እስክታውቀው ድረስ የምትፈትሸው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለጀማሪ አራትና አምስት ሰዓት ይወስዳል። ጸሐፊው እውነት ያላቸው እዚህኛው ዙር ላይ ነው፤ በየመስኩ ከዳር እስከ ዳር፣ ያውም ደጋግመው የሚያነቧቸው ሥራዎች አሉ። የመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያጠና ሰው የታሪክ ምሁሩን የታደሰ ታምራትን መጽሐፍ መግቢያና መደምደሚያ አይቶ አልፌዋለሁ ቢል የሚያምነው ፈታኝ አያገኝም። ግን እንዲህ ያለው ሥራ በየመስኩ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የወረደው ፒዲኤፍ ሁሉ እኩል መብት የለውም።

ወደ ማስታወሻው ስንመጣ ጸሐፊው ሁለት ምስክር ጠርተዋል፤ ሁለቱም የሚመሰክሩት ሌላ ነገር ነው።

«ሳይንስ አረጋግጧል» ያሉት፣ ስም ባይጠሩም፣ ፓም ሙለርና ዳንኤል ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙትን ጥናት ይመስለኛል፤ ይህን ክርክር በየአገሩ ያዳረሰው እሱ ነውና። ተማሪዎች በቪዲዮ የቀረበ ንግግር እያዳመጡ ማስታወሻ ያዙ። በላፕቶፕ የጻፉት የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ወደ መገልበጥ አዘነበሉ፤ ሐሳብን በሚፈትኑ ጥያቄዎችም በእጃቸው ከጻፉት አነሱ። ጥናቱ ስለ ማዳመጥ እንጂ ስለ ንባብ አልነበረም። ተናጋሪ ይሮጥብሃል፤ አርቲክል ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2019ና በ2021 ሌሎች ተመራማሪዎች ጥናቱን ሲደግሙት በፈተናው ውጤት ላይ ያን ያህል ግልጽ ልዩነት አላገኙም። ላፕቶፕ የያዙት ብዙ መገልበጣቸው ግን በድጋሚ ታይቷል። እንግዲህ ክሱ የሚቀርበው በግልበጣ ላይ ነው፤ በእስክሪብቶም ቢሆን እንደ ልብ ይገለበጣል። አንዳንድ ተማሪ የሚያመጣውን ፎቶ ኮፒ አይታችሁ ከሆነ ገጹ ከላይ እስከ ታች በሃይላይተር ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ አንዲት ቃል የለችም። እጅ ሠርቷል፤ ጭንቅላት አርፏል።

ለደብተር የሚሰጠውን ምስጋና አልነፍገውም። ደብተር መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፣ ኔትወርክ አይጠይቅም፣ ቫይረስ አይበላውም። መስክ ላይ፣ ቃለ መጠይቅ እየተደረገም፣ ሰው ፊት ላፕቶፕ ከመደቀን ደብተር ይሻላል። ነገር ግን በአራተኛው ዓመት አማካሪው «ይህን ሐሳብ ከማን ነው የወሰድኸው?» ሲል የደብተር ክምር እያገላበጡ ማደር አለ። ስለዚህ የምመክረው እንዲህ ነው፦ በእጅ መጫር የሚቀናው ይጫር፤ ከዚያ ፍሬውን ብቻ በአምስት ስድስት መስመር ዞቴሮ ወደሚባለው የዋቢና የማስታወሻ መያዣ ሶፍትዌር ያስገባ። ዞቴሮ በነጻ ይገኛል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ፋይሉም የሚቀመጠው በራስ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮፒውን በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ መያዝ ደግሞ የሁሉም ግዴታ ነው፤ ላፕቶፕ ይሰረቃል።

ሁለተኛው ምስክር ሉማን ነው። ካርዶቹ 90,000 ያህል መሆናቸው እውነት ነው፤ ዛሬም ቢሌፌልድ ዩኒቨርሲቲ እጅ ይገኛሉ። ያልተነገረው ጊዜው ነው። ሉማን ካርድ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳይሆን ነው፤ እስከ 1990ዎቹ ቀጥሎበታል። ቢሌፌልድ ሲቀጠር የምርምር ፕሮጀክትህን ግለጽ ቢባል የሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ የማኅበረሰብ ንድፈ ሐሳብ፤ የሚወስደው ጊዜ 30 ዓመት፤ ወጪ የለውም። በዚያ ላይ ካርዶቹ መጻሕፍቱን ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ እንደሚወስዱበት ራሱ ተናግሯል። አራት ዓመት የተሰጠው፣ የጥናት ፈቃዱ የሚያልቅበት ቀን ደብዳቤ ላይ የተጻፈ መምህር ይህን አሠራር እንዳለ ቢወስድ የካርድ ሳጥኑን አሳምሮ ዲሰርቴሽኑን ሳይጽፍ ይቀራል። ከሉማን የሚወሰደው ሌላ ነው፦ በራስ ቃል መጻፍ፣ አንድ ካርድ ላይ አንድ ሐሳብ ማስፈር፣ ያንንም ቀድሞ ከተጻፈ ሐሳብ ጋር ማገናኘት።

እንዲህ ያለ ማስታወሻ ምን ይመስላል? ከራሴ ፋይል አንዱን ልገልብጠው፤ ለክርክሩም ይጠቅመኛል።

«ሮዲገርና ካርፒክ፣ እ.ኤ.አ. 2006። ተማሪዎች አጭር ምንባብ አነበቡ። አንዳንዶቹ ደግመው አነበቡት፤ ሌሎቹ ምንባቡን ትተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ከትዝታ የጻፉት በለጡ። የእኔ ጥያቄ፦ ምንባቡ አጭርና ቀላል ነው፤ 30 ገጽ አርቲክል ላይም እንዲሁ ይሆናል? የሚገናኘው፦ ከሙለርና ኦፐንሃይመር (2014) ጋር፤ እዚያም የጠቀመው በራስ ቃል መሥራቱ ነው። የት ይገባል፦ ምዕራፍ ሁለት፣ የማጥናት ስልት የሚለው ሥር።»

ይህችን ለመጻፍ አርቲክሉን ዘግቼ ነው የተነሣሁት፤ ከዚያ ከፍቼ ስህተቷን አረምኩ። ማስታወሻዋ ራሷ የተጻፈችው ጥናቱ በሚለው መንገድ፣ ከትዝታ ነው ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ጥያቄው፣ ግንኙነቱና መግቢያ ቦታው፣ ከሌሉ ማስታወሻው የሰው ሐሳብ ማከማቻ ሆኖ ይቀራል። እነሱ ካሉ ግን ጽሕፈቱ ተጀምሯል።

ለማስታወሻ ምሳሌ ፍለጋ ደግሞ ጀርመን ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ተማሪያቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠሩበት፤ እሳቸው ካለፉ በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። አንዱ የጀመረውን ሌላው ሊቀጥለው የቻለው የተጻፈው ለሌላ ሰው ዓይንም እንዲገባ ሆኖ ስለተያዘ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የራሱን ማስታወሻ የሚገልጥ ተማሪም ለማስታወሻው ባዕድ ነው፤ «ዋናውን ነጥብ ገጽ 14 ተመልከት» የሚል ጽሑፍ ያኔ ምንም አይነግረውም።

እግረ መንገዴን ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩትን፣ በፈተና ጊዜ ግን ደጋግሜ የማየውን አንድ ነገር ላንሳ። ከላይ የጠቀስኩትን መዝገበ ቃላት በእንግሊዝኛ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ «1948» ብቻ ብሎ ያሰፈረ ተማሪ መጽሐፉን ሰባት ስምንት ዓመት አስቀድሞታል። ማስታወሻ ሲያዝ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. የሚለው እዚያው ካልተጻፈ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ስምም እንደዚሁ ነው። ሶፍትዌሩ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስደው ታደሰ ታምራት «ታምራት፣ ታ.» ይሆንና ሰውየው በአባቱ ስም ይጠራል። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ የተለመደው በራሱ ስም ማስፈር ነው፤ ዞቴሮ ላይ ስሙን ለሁለት ሳይከፍሉ በአንድ ሳጥን ማስገባት ይቻላል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ዋቢው 300 ሲደርስ ግን የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልዩነታችን እንምጣ፤ ሁለት ዓመት ንባብ፣ ከዚያ ጽሕፈት ወደሚለው። ጸሐፊው የአብነት ትምህርት ቤትን ለምስክርነት መጥራታቸው ደስ ብሎኛል፤ ምስክሩን እስከ መጨረሻ አለማዳመጣቸው ነው እንጂ። ንባብ ቤት ያለ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን ይወጣል፣ ዳዊት ይደግማል። እዚያ ድረስ ትምህርቱ መቀበል ነው፤ እውነታቸውን ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የግስ ትምህርቱ ገና ሳያልቅ ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ መቁጠር፣ ማለትም መድረስ፣ ይጀምራል። ከሰው ገለል ብሎ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ የቆጠረውን ይዞ ለየኔታ ይነግራል። ምሥጢሩ የሳሳ እንደሆነ፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገናኘ እንደሆነ፣ ቤት ያልመታ እንደሆነ እዚያው ይታረማል። በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ እያለ እስከ መወድስ የሚዘልቀው እንዲህ ነው። «ግሱን ሁሉ ጨርሼ ከዚያ እቆጥራለሁ» የሚል ተማሪ ቅኔ ቤት አልገባም ማለት ነው።

የዶክትሬት ተማሪ ያለው ንባብ ቤት አይደለም። ከአንደኛ ክፍል እስከ ማስተርስ ድረስ ሲቀበል ኖሯል፤ አሁን የተጠራው እንዲቆጥር ነው።

የምለው ነገር በተግባር ምን እንደሆነ ላሳይ። አንድ ተማሪ «የተማሪዎች ተሳትፎ በገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች» የሚል ርዕስ ይዞ ይመጣል እንበል። ስድስት ወር ቢያነብ ስለ ተሳትፎ የተጻፈ ክምር ይኖረዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ግማሽ ገጽ እንዲጽፍ አድርጉት፤ «ተሳትፎ ስል ምን ማለቴ ነው? ማን ይሳተፋል? በምን? እንዴት አድርጌ አየዋለሁ?» ይበል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይቆማል። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ነው? ሳይቀሩ መምጣት ነው? ክበብ ውስጥ መሥራት ነው? የእርሻ ሥራ ሲበዛ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ተመልሶ የሚመጣው፣ ሲመጣ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ልጅ የቱ ውስጥ ይገባል? አሁን ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ የሚፈልገውን ያውቃል። ያ ያልተሟላ ግማሽ ገጽ ከመቶ ፒዲኤፍ የበለጠ መንገድ ያሳየዋል። በየወሩ ደግሞ ይጻፈው፤ በዓመቱ መጨረሻ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ሲያይ ዓመቱን ምን ሲሠራ እንደከረመ ይገባዋል።

ሁለት ዓመት ሳይጽፍ ያነበበ ሰው ምዕራፍ ሁለትን ሲጽፈው ምን እንደሚመስልም እናውቃለን። እገሌ (2012) እንዲህ አለ፤ እገሊት (2015) እንዲህ አለች፤ እነ እገሌ (2018) ደግሞ እንዲህ አሉ። ሰባ ገጽ እንዲህ ይሄዳል። ክለሳ ድርሳናት ይባላል እንጂ ክለሳ የለበትም፤ የስም መጥሪያ ነው። ተማሪው ሰንፎ አይደለም፣ እንዲያውም ብዙ አንብቧል። እነዚያን ሰዎች ግን አንድ ጊዜም በወረቀት ላይ አላከራከራቸውም፤ «እሷ ትክክል ናት፣ እሱ ግን የከተማ ትምህርት ቤት ብቻ ነው ያየው» ብሎ ፈርዶ አያውቅም።

የማምነውን ልመን። የውጤትና የትንተና ምዕራፍ መረጃ ሳይሰበሰብ አይጻፍም። ቀድሞ ከተጻፈውም ብዙው ይጣላል፤ ይህን ያልነገሩት ተማሪ ሲጣልበት ያዝናል። የጥናት ዘዴው ምዕራፍ ግን መስክ ላይ ሳሉ፣ ናሙናው ለምን እንደተቀየረ፣ የትኛው ወረዳ መንገድ ተዘግቶ እንደተተወ ሳይረሳ ቢጻፍ ከየትኛውም ጊዜ ይሻላል።

አራተኛው ነጥብ፣ ያልበሰለ ጽሑፍ ለአማካሪ አታሳይ የሚለው፣ ከሁሉም ይበልጥ አሳስቦኛል፤ ተማሪዎቻችን ውስጥ ያለውን ይሉኝታ ያጸድቅላቸዋልና። ተማሪው ከአማካሪው ይሸሻል። ካፌ በር ላይ ሲያየው በሌላ በር ይወጣል። «ትንሽ ላስተካክለውና» እያለ ስምንት ወር ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን 140 ገጽ በኢሜይል ይልካል፦ «ዶክተር እንደምን ሰነበቱ፤ ምዕራፍ አንድ፣ ሁለትና ሦስትን ልኬያለሁ፣ ይመልከቱልኝ።» አማካሪው የሚያስተምረው አለው፣ ኮሚቴ አለበት፣ ሌሎች ተማሪዎች አሉት። 140 ገጽ የሚያነብበት ሳምንት ከየት ይምጣ? ፋይሉ ይከርማል። መጨረሻ ላይ ሲነበብ የሚመጣው አስተያየት «የመረጥከው ንድፈ ሐሳብ ከጥያቄህ ጋር አይሄድም» የሚል ይሆናል። መጠይቁ ተበትኖ፣ ተሰብስቦ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይሄ ነው።

ይህ ተማሪ በየሦስት ሳምንቱ ሦስት ገጽ ቢልክ ኖሮ፣ ከላይም ሁለት ጥያቄ ቢጽፍ ኖሮ፦ «ገጽ ሁለት ላይ የወሰድኩት ፍቺ ለገጠር ትምህርት ቤት ይሠራል ወይ? የሁለቱን ጥናቶች ልዩነት በናሙና ብቻ ማስረዳቴ በቂ ነው ወይ?» ሦስት ገጽ ከሁለት ጥያቄ ጋር ማንም አማካሪ ሻይ እየጠጣ ያነበዋል። ጥያቄው ተማሪውንም ይጠብቀዋል፤ የጎደለውን ቀድሞ ራሱ ስለጠቆመ «ይህን እንኳ አላየህም?» የሚለው ወቀሳ አያገኘውም። ስለ መብሰል ከተነሣ ደግሞ፣ ከላይ የጠራሁት የታደሰ ታምራት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1968 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የዶክትሬት ጥናት ነበር፤ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ1972 ነው። ጥናት ከዲፌንስ በኋላም ይሠራበታል። ለአማካሪ የሚላክ ሦስት ገጽ ምን ያህል እንዲበስል ነው የሚጠበቀው?

ጸሐፊው የፈሩትን አልስተውም። በፊደል ግድፈት የተሞላ፣ ራሱ ተማሪው መልሶ ያላነበበውን ነገር መላክ የሰው ጊዜ መናቅ ነው። ረቂቅ አይተው ተማሪን ሰው ፊት የሚያሸማቅቁ አማካሪዎችም አሉ፤ ሰምተናል፣ አይተናል። እንደነዚህ ያሉት ሲያጋጥሙ ረቂቁን መጀመሪያ ለባልደረባ ማሳየት ነው። በአንድ ባች ያሉ ሦስት አራት ተማሪዎች በየሁለት ሳምንቱ ተሰብስበው የእርስ በርስ ጽሑፍ ቢያነቡ፣ መስካቸው ቢለያይ እንኳ፣ «እዚህ ጋ አልገባኝም» የሚል ሰው ያገኛሉ። መደበቅ ግን ለአማካሪ ክፋት መድኃኒት አይሆንም።

የሌሊት 10 ሰዓቱን ባጭሩ ልለፈው። በየጊዜው በቋሚነት የሚጽፍ ሰው፣ ሁሉን ለአንድ ዘመቻ ከሚያስቀምጥ ሰው የተሻለ እንደሚያፈራ ተመራማሪው ሮበርት ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዩኒቨርሲቲ መምህራን ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች አሳይቷል፤ ጸሐፊው የሚመኩበት መሠረት አላቸው ማለት ነው። የቦይስ ናሙናዎች ግን ትንንሽ ነበሩ። የምሁራንን ጽሕፈት የምታጠናው ሄለን ሶርድ 100 ምሁራንን አነጋግራ፣ ከ1,200 በላይ መጠይቅ ሰብስባ ያገኘችው ነገር ለየት ይላል፤ ብዙ ከሚያሳትሙት መካከል ብዙዎቹ በየቀኑ አይጽፉም። አንዱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሌላው በእረፍት ጊዜ፣ ሌላው በየትኛውም ክፍተት ይጽፋል። አንድ ለሁሉም የሚሆን ሰዓት አልተገኘም።

የእኛ የዶክትሬት ተማሪ ደግሞ በአብዛኛው መምህር ነው፤ ብዙ ጊዜም ባለትዳርና የልጆች ወላጅ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖር አንዲት ተማሪ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጀሪካን እየሞላች ነው፤ ከዚያ የልጆቿን ምሳ ዕቃ ታዘጋጃለች፣ 2 ሰዓት ላይ ክፍል ትገባለች። እሷን ሰነፍ የሚል ምክር ራሱን ቢመረምር ጥሩ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት፣ ስልክ ተዘግቶ፤ ይህ በቂ ልማድ ነው፣ ካልተሰረዘ። ስትነሣም የመጨረሻዋን መስመር እንዲህ ብላ ብትተወው በሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ታተርፋለች፦ «ቀጥሎ፦ የሁለቱን ወረዳዎች ልዩነት ለምን በመንገድ ብቻ እንዳስረዳሁት ጻፊ።»

ጸሐፊው በሁለተኛ ክፍል እንደሚመለሱ ቃል ገብተዋል፤ እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ብዕራቸውን ወደ እኛ ወደ አማካሪዎች ቢያዞሩት ደስ ይለኛል። ረቂቅ በስንት ቀን ይመለስ? አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ ይያዝ? የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በሴሚስተር ስንት ገጽ አስገብቶ ስንት ገጽ አስተያየት ማግኘት አለበት? ብዙ የትምህርት ክፍሎቻችን ለነዚህ ጥያቄዎች የተጻፈ መልስ የላቸውም፤ እዚያ ላይ ቢከራከሩ አብሬያቸው እቆማለሁ።